ከማንኩሳ መንገድ የመጣው ድምፅ

ልጅ ሳለሁ ኢንተርኔት ቤታችን የሚገባው ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነበር። አባቴ ከሱቅ እንደተመለሰ እጁን ታጥቦ ይቀመጥና ከሸሚዝ ኪሱ ነጭ ሞደም አውጥቶ ኮምፒውተሩ ጎን ላይ ይሰካል፤ አስቀድሞ ያሰበውን ብቻ አውርዶ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ ይነቅለዋል። እኔና ታናሽ ወንድሜ አንዋር ከወንበሩ ኋላ ቆመን የሞደሟን መብራት እናያለን። ብልጭ ድርግም ስትል አባቴ ትንፋሹን የሚይዝ ይመስለኝ ነበር፤ ስትጠፋ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ እኛም አብረነው እንተነፍሳለን።

አባቴ ሰይድ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ የኮምፒውተር ሱቅ ነበረው። አባቶቹ ቡሬ ላይ በጨርቅ ንግድ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ጣቃ መለካቱን ትቶ ማመልከቻ ይተይባል፣ ኮፒ ያነሳል፣ የተበላሸ ኮምፒውተር ይጠግናል። በኮምፒውተር የሚተዳደር ሰው ሆኖ ሳለ ስለ ኢንተርኔት የነበረው ሐሳብ ለደንበኞቹ ግራ ነበር። አንድ ጊዜ ከፈረስ ቤት ከተማ ድረስ የመጣ አስተማሪ ቤቴ ኢንተርኔት አስገባልኝ ቢለው፣ ኮምፒውተር ያለ ኢንተርኔትም ሙሉ ዕቃ እንደሆነ፣ በሜጋባይት እየተለካ የሚገዛ ነገር በጀሪካን ከሚገዛ ውሃ እንደማይለይ፣ ለመጠጥ እንጂ እግር ለመታጠብ እንደማይሆን ሲያስረዳው ቆይቶ፣ በመጨረሻ ፍላሽ ሙሉ መጽሐፍ ጭኖለት ሸኘው። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ የመጣልህን ሰው እየመከርክ ከመለስከው ሱቁን ለምን ከፈትከው አለችው። አባቴ ሳቀ።

ስለ ቤተሰብ መዝናኛም የራሱ ሕግ ነበረው። ዲሽ ያስተከሉት ጎረቤቶቻችን ቤት ቴሌቪዥኑ ብቻውን ሲያወራ ሰዎቹ ተያይተው ሳይነጋገሩ እንደሚያመሹ አይቶ አልወደደውም። እኛ ቤት ቅዳሜ የወረደ አንድ ፊልም ለሳምንት ይበቃል። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሁላችንም ኮምፒውተሩ ፊት እንሰበሰባለን፤ አባቴም ልባችን የተንጠለጠለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ፊልሙን ያቆምና ወደ እኛ ዞሮ «አሁን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ይለናል። እናቴ ሳትቀር ሁላችንም ግምታችንን ካልተናገርን አይቀጥልም። አንዋር ሁልጊዜ ሰውየው ይሞታል ነበር የሚለው።

አንድ የክረምት ምሽት ፊልሙ መሃል ላይ ሳለ መብራት ሄደ። አንዋር አለቀሰ። እናቴ ኩራዙን ለኮሰች፣ የከሰል ምድጃውንም ወደ መሃል ሳበችው፤ አባቴ የጨለመውን ስክሪን ትቶ የቀረውን በቃሉ ይነግረን ጀመር። በእሱ አፍ መኪናው በቅሎ፣ አውሮፕላን ማረፊያው የቡሬ ገበያ፣ የፊልሙ ባለኮት ሰውዬም ሸማ ጭኖ ላህ ወንዝን የሚሻገር ነጋዴ ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ነጋዴው ካቆመበት መንገዱን ይቀጥላል። የላምባው ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ ፍሙ አመድ ሲለብስ እናቴ በካርቶን እያራገበችው፣ የአባቴ ጥላ ግድግዳው ላይ ከራሱ ገዝፎ ሲንቀሳቀስ፣ ያኔ ከዚያ ክፍል ውጭ ዓለም ያለ አይመስለኝም ነበር። ቀስ በቀስ መብራት እንዲጠፋ በልቤ የምለምን ልጅ ሆንኩ። የምለምነውም እየፈራሁ ነበር።

የምፈራው ድምፅ ለባሹን ነው። ድምፅ ለባሽ በአባቴ ተረት ውስጥ ወንዝ ዳር ባለው ደንገል መሃል የሚኖር፣ መልኩን ማንም ያላየው ፍጥረት ነው። የሰማውን ድምፅ ሁሉ እንደ ልብስ ለብሶ ያወራል። መንገደኛውን በሚስቱ ድምፅ፣ እናትን በልጇ ድምፅ ይጠራና፣ ማን ነህ ሲሉት «እኔ ነኝ» ይላል፤ አምኖ የቀረበውን ሰው ውሃው ውስጥ ይዞት ይገባል። አንድ ድክመት ብቻ አለበት፦ ከዚህ በፊት ያልተነገረ ነገር መናገር አይችልም። የሰማውን ይደግማል እንጂ አዲስ ነገር ከየት ያመጣል። አባቴ «እኔ ነኝ» የምትለዋን ቃል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲላት ጀርባዬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰ ያህል እደነግጥ ነበር፤ ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ እስኪያቅተኝ።

እናቴ ልጆቹን አታስፈራራብኝ ብላ ስትቆጣው አባቴ የሚመልሰው ከሱቁ ያመጣውን ነው። ሽልማት ደርሶሃል ተብሎ በስልክ የተታለለ ገበሬ፣ ወንድምህ ነኝ ባለ ድምፅ የተሸወደች ነጋዴ በየጊዜው እሱ ዘንድ አቤት ይላሉ። ልጆቻችን ፊቱን ከማያዩት ሰው ጋር የሚነጋገሩበት ዘመን ላይ ነው የሚያድጉት፣ ከአሁኑ ጥቂት ይፍሩ አላት። እናቴ ግን ጥቂት ማለት ምን ያህል ነው ብላ ፊቷን አዞረች።

ያን ጊዜ ነሐሴ ነበር። አንድ ምሽት ነጋዴው ከገበያ ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀው። ከማዶ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ቤት ትቷት የወጣት የሴት ልጁ ድምፅ «አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ድረስልኝ» ብሎ ጠራው። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ የዒሻ አዛን ተሰማ። ለሶላት ተነሣ፤ የቀረውን ነገ አለን።

በማግሥቱ አባቴ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ሊጠግን በማንኩሳ መንገድ ቡሬ ሄደ። እናቴ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ዳርቻ ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ ስልኳን እኔ ጋ ተወችው፤ ምናልባት አባትሽ ሚስኮል ካደረገ መነሣቱን እወቂ አለችኝ። አባቴ ለአየር ሰዓትም እንደ ኢንተርኔቱ ነበር፤ አንዴ አስጮኾ ከዘጋ «ተነሥቻለሁ» ማለቱ ነው እንጂ፣ ደውሎ ሲያወራ ሰምተነው አናውቅም።

ዝናቡ ጀመረ፤ ወዲያው መብራት ጠፋ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ አንዋርና እኔ የምንነጋገረውን እንኳ አያሰማም ነበር። ስልኩ ጠራ፤ እንደ ሚስኮል አንዴ ጮኾ አልተዘጋም። የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሣሁት። መጀመሪያ የሰማሁት የሚፈስ ውሃ ነው። ከውሃው ሥር የአባቴ ድምፅ፣ ግን ሻካራና የተቆራረጠ፣ ከእሱ የማላውቀው ዓይነት ድምፅ፣ «ሐያት» ብሎ ስሜን ጠራ። ማን ነው አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለኝ።

ዘጋሁት። ሮጬ በሩን ቀረቀርኩ፤ አንዋርን ጎትቼ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር ገባን። ምን ሆንሽ ሲለኝ ዝም በል አልኩት። ስልኩ እንደገና ጠራ፤ አሁንም ያው ውሃ፣ ያው ድምፅ፣ ያው «እኔ ነኝ»። እንደገና ዘጋሁት። ስልኩን ከራሴ ላርቀው ፈልጌ ጣቶቼ አልላቀቅ አሉኝ። አባዬ ሚስኮል ነው የሚያደርገው፣ ቁጥሩ የአባዬ አይደለም፣ ደግሞ ውሃው ይሰማል እያልኩ ለራሴ ሳስረዳ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ። ያን ጊዜ የድምፅ ለባሹ ድክመት ትዝ አለኝ። አንሥቼ፣ እሱ ሳይናገር ቀድሜ፣

«ነጋዴው ከዚያ ምን ሆነ?» አልኩት።

ዝም አለ። ውሃው ብቻ ይሰማል። ከጀርባው ሌላ ሰው ባትሪው ሊያልቅ ነው ሲል ሰማሁ። ዝምታው ረዘመብኝ፤ ድምፅ ለባሹን እንደያዝኩት ገባኝ፤ መያዜ ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ አስፈራኝ። ልዘጋው ስል ድምፁ ቀስ ብሎ መጣ።

«ነጋዴው አልተሻገረም» አለ። «ፈራ። በቅሎውን ለቀቃት። በቅሎ በድምፅ አትታለልም ሐያቴ፣ በጠረን ነው የምትለየው። በቅሎዋ ሳታመነታ ወደ ድምፁ ሄደች። ልጁ ነበረች። ድምፅ ለባሽ አልነበረም፤ እውነተኛ ልጁ ነበረች፣ ውሃ ይዟት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኔም ውሃ ይዞኛል። መኪናችን ተገልብጧል። ከማንኩሳ ወዲህ፣ ትንሿ ድልድይ ጋ። ገመድ ያለው መኪና ይምጣ በይ። ለእትዬ ብርቄ ንገሪ።»

ስልኩ ጠፋ።

እትዬ ብርቄ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ልጃቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንዋርን እየጎተትኩ በዝናቡ ሮጥኩና የሰማሁትን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው ፊቴን ያዙት።

«የአባትሽ ድምፅ መሆኑን ለይተሻል ልጄ?»

«ተረቱን ጨረሰልኝ» አልኳቸው።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን አጣፍተው ልጃቸውን ከተኛበት አስነሡት፤ እሱም ሰዎች ሰብስቦ፣ ገመድ ጭኖ ወጣ። ለእናቴ ሰው ተላከባት። ስትመጣ ጫማዋን ጭቃ ውጦት ባዶ እግሯን ነበረች።

ከዚያ ያለው መጠበቅ ነው። ኔትወርክ የለም፤ ስልኩን ደጋግመን ብናነሣው ዝም ይላል። የእትዬ ብርቄ ቤት ኩራዝ በነፋሱ እየተንቀጠቀጠ፣ እናቴ በአንደኛው ጥግ ዱዓ ታደርጋለች፣ እሳቸው በሌላኛው ጥግ እያማተቡ እመቤታችንን ይማጸናሉ፤ ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንዷ የሌላዋን ላለማቋረጥ። እኔ በመሃላቸው ተቀምጬ የዘጋሁባቸውን ጥሪዎች እያሰብኩ ነበር። ውሃው በየጥሪው መካከል ምን ያህል ጨምሮ ይሆን? ይህን ለማንም አላወራሁም፤ ያኔ ጮክ ብዬ ከተናገርኩት እውነት የሚሆን መሰለኝ።

አባቴ ተረፈ። ድንግዝግዝ ሲል ሾፌሩ ራሱ መጥቶ ሆስፒታል እንዳስገቡት ነገረን። ሚኒባሱ ከድልድዩ ጠርዝ ወደ ጅረቱ ወርዶ የአባቴ እግር ወንበር ሥር ተይዞ ነበር። ስልኩ ውሃ ገብቶበታል፤ በቃሉ የያዘው ቁጥር የእናቴን ብቻ ነው። አንድ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ የራሱን ስልክ አባቴ ጆሮ ላይ ይዞለት ነበር። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ወጥተዋል፤ አጠገቡ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ግን አልወጡም። አባቴ ስለ እሳቸው እስከ ዛሬ አያወራም።

እግሩ ዳነ፣ ግን ያነክሳል። ሐሳቡን አልለወጠም፤ ሱቁ ዛሬም አለ፤ ሞደሙ ቀርቶ ሁሉም ሰው ኢንተርኔት በኪሱ ይዞ በሚዞርበት በአሁኑ ጊዜም እናቴ ቪዲዮ ስትከፍት ፓኬጁን በላሽው ይላታል። ቤቱ ግን ምሽት ላይ ተለውጧል። አንዋር በስልኩ ብቻውን ይስቃል፤ አባቴም አቁምና ንገረን አይለውም። ድምፅ ለባሹን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አላነሣውም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የሰው ድምፅ አስመስሎ የሚያወራ ፕሮግራም መኖሩን ሥራ ቦታ ሲያሳዩኝ ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ዛሬም እፈራለሁ። ግን አነሣዋለሁ፤ ማንም ይሁን፣ እስኪጨርስ እሰማዋለሁ።

ባለፈው ዒድ ፍኖተ ሰላም ሄጄ አባቴን ያን ቀን ፈርተህ ነበር ወይ አልኩት። ሱቁ ውስጥ ነበርን፤ የተፈታ ኪቦርድ በብሩሽ ይጠርጋል። ውሃውን ፈርቼ ነበር አለኝ፤ ከውሃው ይልቅ ግን ስትዘጊብኝ ፈራሁ አለ። ከዚያ ብሩሹን አስቀመጠ።

«ከሁሉ የባሰው ደግሞ ነጋዴው ምን ሆነ ስትይኝ ነው» አለኝ። «መጨረሻውን እኮ ገና አላሰብኩትም ነበር።»

ያን ዝምታ ዛሬም እሰማዋለሁ። ያኔ አውሬው መልስ ያጣ መስሎኝ ስልኩን ልዘጋ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ከዚያኛው ጫፍ አባቴ፣ እግሩ ተይዞ፣ ውሃው እየጨመረ፣ በሰው ስልክና በምታልቅ ባትሪ፣ ለልጁ የተረት መጨረሻ እየፈለገ ነበር።