ሮተሩን በእጁ የጎተተው ደላላ

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ከእኔ የበለጠ ሞተር የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከተቃጠሉ ዲናሞዎች ተማርኩ። የኤሌክትሪክ መኪና ከተማውን ሲሞላው ኮሌጅ የጨረሱት ሞተሩን ፈሩት። እኔ ፈታሁት።

ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል ሮተር ይባላል። በውስጡ ኒዮዲሚየም ከሚባል ብርቅዬ ማዕድን የተሠራ ማግኔት አለ። ዛሬ ዓለም የሚሻማው ይህን ነው፤ ነፋስ ኤሌክትሪክ በሚያመነጭበት ማማ ላይም፣ በኪሳችሁ ባለው ስልክ ውስጥም ይገኛል። ጉልበቱ ግን አውሬ ነው። ሮተሩን በባዶ እጅ ማውጣት ስለማይቻል መኪና ከሚያነሣ አሮጌ ክሪክ ብሎን የራሴን ማውጫ ሠራሁ። እንዲህ ያለ ሌላ ቦታ አላየሁም።

አንድ ታክሲ ነጂ የኤሌክትሪክ መኪናውን አመጣልኝ፤ ሮተሩ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተሰብሯል።

"ጋሼ፣ ከዚህች መኪና ሌላ የለኝም። ልጆቼ የሚበሉት በእሷ ነው" አለኝ።

"ቅዳሜ ና" አልኩት።

በማግሥቱ፣ ክዳኑን እንደፈታሁ፣ አንድ ደላላ መጣ። ድሮ ሰፈራችን ውስጥ መዳብ ይለቅም ነበር፤ አሁን የሚያወራው ስለ ማግኔት ብቻ ነው። ከኋላው አንገቱ ከጭኔ የሚወፍር ሰው አስከትሏል።

"ፋዘር፣ ሮተሯን ወዲህ በላት። ውጭ አገር በጣም ትፈለጋለች። ለሰውዬው ተቃጠለች በለው።"

"የሰው ዕቃ ነው። ውጣ!"

"አንተ ሽማግሌ፣ አታድርቀና!"

አንተ ሲለኝ ትከሻውን በመዶሻ አልኩት። ወፍራሙ አፌን በቡጢ መታኝ፤ ሁለት ጥርሶቼ ወለሉ ላይ ሲንኳኩ ሰማሁ። ወደቅሁ። ጎኔን ደጋግሞ ረገጠኝ። ደላላው በዚህ መሃል ሮተሩን በሁለት እጁ ጎተተ። እስከ ግማሽ ወጣለት። ከዚያ ማግኔቱ ወደ ሞተሩ ብረት ተመልሶ ተወረወረና የቀኝ እጁን ጣቶች መሃል አድርጎ ጨፈለቃቸው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማኝ። ጩኸቱ ልደታ ማርያም ሳይደርስ አልቀረም።

ወፍራሙ የመበየጃዬን ችቦ አንሥቶ ለኮሰ። "አግለዋለሁ! ሲግል ይለቅሃል!"

እውነቱን ነው፣ ይለቃል። ማግኔት ከመጠን በላይ ከጋለ ግን ጉልበቱን ያጣል፤ የነጂው ልጆች እንጀራም አብሮ ይቃጠላል። መነሣት ስላቃተኝ በቀሩት ጥርሶቼ ባቱን ነከስኩት። ሥጋው አፌ ውስጥ እስኪቀር አልለቀቅሁም። ችቦውን ሲጥል ጉልበቱን በመዶሻ ደገምኩት። ጌታውን ጥሎ እያነከሰ ሮጠ።

"ጋሼ! በእናትዎ፣ ያውጡኝ!" አለ ደላላው።

አሁን እርስዎ ሆንኩ። መጀመሪያ እንደምንም ተነሥቼ ችቦውን አጠፋሁ፣ ቀጥሎ አፌን በውሃ ተጉመጠመጥኩ። እሱ ይጮህ ነበር፤ እኔ አልቸኮልኩም። ከዚያ ማውጫዬን ገጥሜ ብሎኑን ቀስ እያልኩ አዞርኩት። አራት ጣት ገብቶ የወጣው ሁለት ነው፤ የቀሩት ጣት የሚባሉ አልነበሩም። እጁን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሐኪም ሰደድኩት።

አዲስ ኩሽኔታ ልገጥም ሮተሩን ሳጸዳ ከጠርዙ ላይ ጥፍር አነሣሁ።

ቅዳሜ ነጂው መጣ። "ጋሼ፣ ፊትዎን ምን አገኘው?"

"አስነሣት" አልኩት።

ተነሣች። ዛሬም ሜክሲኮ አደባባይን ስትዞር ድምፅ የላትም። ጥርሶቼን አላስተከልኩም፤ ሰው ምን ነካህ ብሎ ሲጠይቀኝ ከመጀመሪያው መንገር ደስ ይለኛል።