ጋሽ ፍሬሽን ማን ብዬ ልጥራቸው

አለፍኩ! የመጀመሪያ ዓመት ውጤታችን ትናንት ወጣ፤ ስልኬ ላይ አምስቴ ከፍቼ አምስቴ አየሁት፣ አልፌያለሁ። ለእናቴ በወረቀት ላሳያት ብዬ እዚሁ አዳማ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ማሽኑ ወረቀቱን ትኩሱን ሲተፋው፣ ያ የጋለ ወረቀትና የቀለም ዱቄት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ደስታዬ እዚያው ቀጥ አለ። ሽታው ያደግኩባት የባቱ ነው። የጋሽ ፍሬሽ ሱቅ ሽታ።

ጋሽ ፍሬሽ ባቱ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ነበረቻቸው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል። ቢጫ የሆነ ኮምፒውተር፣ መታወቂያ በፕላስቲክ የሚያሽጉባት ማሽን፣ መብራት ሲጠፋ ደጃፍ ላይ የሚያጓራ ጄኔሬተር። የተበላሸ ወረቀት አይጥሉም። ንጹሑን ጀርባ ለእኛ ለሰፈር ልጆች ያድሉናል፤ እኔ መጻፍ የተለማመድኩት በሰው ማመልከቻ ጀርባ ላይ ነው።

ፍሬሽ ስማቸው ይመስለኝ ነበር። ጋሪ ነጂዎቹ ሲያልፉ «ፍሬሽ፣ አከም! ዘንድሮስ ትመረቃለህ?» ይሏቸዋል፤ እሳቸው እጃቸውን አንስተው ፈገግ ይላሉ። እኔ ሰላምታ ነበር የሚመስለኝ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ለእንቁጣጣሽ አበባ ስዬ፣ ከላዩ በትልልቁ «ለጋሽ ፍሬሽ» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። ረዘም ላለ ጊዜ ይዘው አዩት። ከዚያ «ጽሕፈትሽ ያምራል» አሉኝ። ፍሬሽ ማለት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መሆኑን፣ ለሳቸው ደግሞ ስድብ መሆኑን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ነው።

ያኔ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን ላባዛ ሄድኩ። ሲጨርሱ ዱካውን ሳቡልኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩኝ ጀመር። እሳቸውም ገብተው ነበር ለካ። ከሰፈሩ የመጀመሪያው ስለሆኑ አባታቸው በግ አርደው ነው የሸኟቸው።

«አስተማሪው ‹ገባችሁ?› ይላል፤ ሁሉም ‹አዎ› ይላል፤ እኔም አልኩ። አንድም ነገር አልገባኝም ነበር። እስከ ገና ‹አዎ› ስል ከረምኩ።»

«ከዚያስ ጋሼ?»

«ከዚያማ ሻንጣዬን ያዝኩ።»

ባቱ መግባት አፍረው መቂ ላይ ወርደው ሦስት ቀን ተቀመጡ። ከዓመት በኋላ ተመልሰው መማር ይችሉ ነበር፤ ግን ከታናሾቻቸው ጋር መቀመጥ ሞት መሰላቸውና ቀሩ። ከተማው አልማራቸውም። ጠጉራቸው እስኪሸብት ድረስ አንደኛ ዓመት ላይ አስቀራቸው።

ሲሸኙኝ፣ «‹አልገባኝም›ን በመጀመሪያው ሳምንት ካላልሻት፣ በሁለተኛው ከአፍሽ አትወጣም» አሉኝ።

አላልኳትም። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔም ነቀነቅኩ። የመጀመሪያውን ፈተና ከሠላሳው ሰባት ብቻ አመጣሁ። ዶርሙ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ የእናቴን ፊት አሰብኩ፤ መቂ ላይ የምወርድበትን ቦታ ሳይቀር መረጥኩ። በማግስቱ መምህሩ «ገባችሁ?» ሲሉ እጄን አነሳሁ። «አልገባኝም» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንዱ ከኋላ «ወይ ፋራ» ብሎ ሳቀ። ያኔ በሩ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ «እኔም አልገባኝም» አለች። መምህሩ ሰሌዳውን አጥፍተው እንደገና ጀመሩ።

ለሴሚስተር እረፍት ባቱ ስወርድ፣ ቤት እንኳ ሳልገባ ወደ ሱቁ ሮጥኩ። የስልክ ሽፋንና ኢርፎን ተደርድሮበታል። ማሽኑን ሸጠው ሄደዋል። አንዱ ሻሸመኔ አለኝ፣ አንዱ ዓለም ጤና። ጎረቤታቸው የነበሩትን አሳ ሻጯን እትዬ ዘነበችን እውነተኛ ስማቸውን ጠየቅኳቸው።

«ፍሬሽ ነዋ።»

«እሱማ ያወጡላቸው ነው እትዬ። የራሳቸው ስም?»

ቢላዋውን እንደያዙ አሰቡ። «እንጃ ልጄ። ሌላ ስም አለው እንዴ?»

ሻሸመኔ አክስቴ ጋ ስሄድ ሦስት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። «ፍሬሽ የሚባሉ ሰው» ስል ሳቁብኝ። ሌላ ማን ብዬ ልጠይቅ? ትናንት ማለፌን መጀመሪያ መስማት የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ በየቀኑ ስሰድባቸው ያደግኩት እኔም ነኝ፤ ይቅርታ እንኳ በስም ነው የሚጠየቀው። አላገኛቸውም። ይህን አምኜ ነው የምጽፈው።

ዘንድሮ ግቢያችን የምትገቡ አዲስ ተማሪዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ያቺ በሩ አጠገብ የነበረችው ልጅና እኔ ላይብረሪው ጀርባ እንቀመጣለን። ያልገባችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እኛም ያልገባን ብዙ አለ። ስትመጡ ግን መጀመሪያ ስማችሁን ከነአባታችሁ ንገሩን።