በጾም የዓሣ ሽታ ከየት መጣ

«ወደይ፣ ልጄ፣ በጾም ዓሣ በላህ?» አሉኝ አማቴ አደይ ለምለም፣ ዛሬ ጠዋት ገና በሩን ሲያልፉ።

አልበላሁም። ውሻችን ቦቢ ሰሞኑን ቂጡን ምንጣፍ ላይ እየጎተተ አስቸግሮን ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ «ፊንጢጣው ግራና ቀኝ ያሉት ትንንሽ ከረጢቶች ሞልተው ነው» ብሎ የፈሳሹን አወጣጥ አሳየኝ።

ዛሬ ሙቅ ውሃ በነካ ጨርቅ ቀስ አድርጌ ስጫነው ወጣለት። ሽታው ግን የከረመ ዓሣ ነው፤ ያደረግኩት ጓንትም ለካ ተቀዶ ሽታው እጄ ላይ ቀርቷል።

መሐል አገር ተወልጄ መቀሌ ያገባሁ ሰው ስለሆንኩ፣ በጾም ነገር ድሮም እጠረጠራለሁ። ብናገር እንደማያምኑኝ ስለገባኝ ጨርቁን አምጥቼ አስጠጋሁላቸው።

አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ዓሣውን ብትበላ ይሻል ነበር» አሉኝ።

ውሻ ያላችሁ ሰዎች፣ ባልበላሁት የተፈረደብኝ እኔ ብቻ ነኝ?