ድልድይ መሃል የተያዘው ውሻ

የሰፈሩ ሰው «እትዬ ቁልፍ» ይላታል፤ የአባቷን ስም የሚያውቀው የሥራ መታወቂያዋ ብቻ ነው። ወገቧ ላይ በገመድ ያንጠለጠለችው የቁልፍ ጥቅል ገና ከመንገድ ማዶ ሲንሿሿ ይሰማል።

በማዘጋጃ ቤቱ የእንስሳት ማቆያ የመደቧት ለሁለት ሳምንት ነበር። የቀድሞው ጠባቂ እግሩ ተሰብሮ ሲተኛ፣ «እሱ እስኪነሳ በሩን ጠብቂ» ብለው ከጽዳት ክፍል አመጧት። ሰውየው ዳነና ሌላ ሥራ ያዘ፤ እሷን የሚያስታውሳት ጠፋ። ሁለቱ ሳምንት አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

እንስሳ ወዳድ ናት ብሎ የሚያማት አልነበረም። እንዲያውም ልጅ ሳለች ውሻ ካየች መንገድ ትቀይር ነበር። ማቆያው ወንዝ ዳር ያለ የድሮ የጡብ መጋዘን ነው፤ አሥራ አራት የሽቦ ክፍል፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ በረኪና በረኪና የሚሸት የሲሚንቶ ወለል። ጠዋት ስትገባ ውሃ ከመቅዳቷ በፊት በየክፍሉ ፊት እየቆመች «እንዴት አደራችሁ» ትላለች። አንድ ቀን የእንስሳት ሐኪሙ ሰምቶ ሲስቅባት፣ «ምን ያስቅሃል? ያልመለሰልኝ ታሟል ማለት ነው» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ራሱ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማነው ያልመለሰው?» ብሎ ሆነ።

ወንዙ ሁለት ከተማ ይለያል። ሰዉ አንዱን «ወዲህ»፣ ሌላውን «ማዶ» ይለዋል። ከተሞቹ እያደጉ ተጋጥመው፣ አሁን የሚለያያቸው አንድ ድልድይና ሁለት ማዘጋጃ ቤት ብቻ ነው። ማቆያው ለብዙ ዓመት የሁለቱንም ባለቤት አልባ እንስሳት ሲቀበል ኖሮ፣ አንድ ዓመት ላይ አስተዳደሮቹ ተኳረፉ። ወዲህ «ማዶዎች ሸክማቸውን እኛ ላይ ጣሉ» አለ። ማዶ ደግሞ «ውሾቹ የሚፈለፈሉት እናንተ ቄራ ጓሮ ነው፤ ልጆቻችሁን ራሳችሁ ሰብስቡ» ሲል መለሰ። እዚሁ ወዲህም ቢሆን ስምምነት አልነበረም፤ ማቆያውን ጤና ክፍሉ ወደ ጽዳት ክፍል፣ ጽዳት ክፍሉ ወደ ግብርና፣ ግብርና መልሶ ወደ ጤና ይገፋዋል። እትዬ ቁልፍ የደብዳቤዎቹን ግልባጭ ተቀብላ ፋይል ውስጥ ስታስገባ ለራሷ ትስቃለች፤ ደብዳቤውም ይመላለሳል፣ ውሻውም ይመላለሳል፤ ውሻው ግን ቢያንስ የሚሻገረው በራሱ እግር ነው።

በመጨረሻ አንድ አጭር ደብዳቤ ደረሳት። «ከድልድዩ ወዲያ የተያዘ ማንኛውም እንስሳ ወደ ማቆያው እንዳይገባ» ይላል።

ደብዳቤው በደረሰ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ የማዶ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ጠዋት ድልድዩን ሲሻገር ጆሮው የተቆረጠ ቡናማ ውሻ ባቱን ነከሰው። የወዲህ ውሻ ያዥ ደርሶ ውሻውን በመረብ ጠቀለለው፤ የያዘው ግን በትክክል ድልድዩ መሃል ነበር። ስልክ ተደወለ። ከሁለቱም ማዘጋጃ ቤት አንድ አንድ ሰው መጣ። ሜትር ዘርግተው ድልድዩን ለኩ። አንዱ «መሃሉ ይሄ ምሰሶ ነው» ሲል፣ ሌላው «ጭንቅላቱ በእናንተ በኩል ነበር» ይላል። ውሻው በመረብ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ መታው። ሰዎቹ ሳይስማሙ ወደየቢሯቸው ተመለሱና ውሻ ያዡ ጨነቀው፤ መረቡን ተሸክሞ ማቆያው በር ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ምን ላድርግ? የኛው ኃላፊ አታስገባ ብሎኛል፤ ማዶዎቹ የኛ አይደለም ብለዋል። ልልቀቀው ወይስ ላስወግደው?»

«የተነከሰው ሰውየስ?»

«ጤና ጣቢያ ወስደውታል።»

እትዬ ቁልፍ ከሐኪሙ ጋር ስትውል የተማረችው አንድ ነገር ነበር። ሰው የነከሰ ውሻ አይለቀቅም፣ አይገደልምም፤ አሥር ቀን ታስሮ ይታያል። አሥሩን ቀን በጤና ከጨረሰ የተነከሰው ሰው ከእብድ ውሻ በሽታ ነፃ ነው፤ የጀመረውን መርፌም ሐኪም ያስቆምለታል። ውሻው ከጠፋ ግን ሰውየው መርፌውን እስኪጨርስ ልቡ ተሰቅሎ ይኖራል። ውሻውን አየችው። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል።

በሩን ከፈተች። መዝገቡ ላይ «የተያዘበት ቦታ» በሚለው ሥር «ድልድይ መሃል» ብላ ጻፈች።

ኃላፊው ሳይውል ሳያድር መጣ። ወጣት፣ ጨዋ፣ ጫማው በጣም የተወለወለ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ደብዳቤው ደርሶዎታል?»

«ደርሶኛል።»

«አንብበውታል?»

«ሁለት ጊዜ። ‹ከድልድዩ ወዲያ› ነው የሚለው፤ ይሄ መሃል ላይ ነው የተያዘው።»

ሳቁ መጣበትና ዋጠው። «በቃል አይጫወቱብኝ። ዛሬ ይሄን ከተቀበልን ነገ የማዶ ውሻ በሰልፍ ይመጣል። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል፤ እርስዎ የወዲህ ሠራተኛ ነዎት።»

«እኔ መቼ ጮህኩ ጌታዬ? በር ነው የከፈትኩት።»

«እንግዲያው በጽሑፍ ይደርስዎታል» ብሎ ሄደ።

ቤቷ ስትገባ ልብስ ሰፊ የሆነችው ልጇ ወሬውን ቀድማ ሰምታዋለች። «እማዬ፣ ጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ምን አገባሽ? ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው።»

«ሣሩማ ሰውየው ነው» አለችና ጫማዋን አወለቀች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ቆጣሪ አንባቢው እያነከሰ መጣ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ቀጭን ሰው ነው፤ ሰማያዊ የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«አላበደም?»

«ዛሬ አላበደም።»

«ነገስ?»

«ነገ ናና አብረን እናየዋለን።»

መጣ። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራው ወጥቶ ይመጣል፤ ውሻው ሲበላና ሲጠጣ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል፤ ከዚያ ልክ ቆጣሪ እንደሚያነብ ከኪሱ በሚያወጣት ደብተር ላይ ይጽፋል። በአራተኛው ቀን እትዬ ቁልፍ በርጩማ አወጣችለት። ያን ቀን ሳትጠይቀው አወራ።

«ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ አለችኝ። ካቀፍኳት አራት ቀኔ።»

«በማቀፍ አይተላለፍም እኮ፤ አልነገሩህም?»

«ነገሩኝ። ጭንቅላቴ ሰምቷል፣ እጄ ግን እሺ አላለኝም።»

እትዬ ቁልፍ ውሃ ቀድታ ሰጠችው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ውሻው አልበላም። ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ አፉ ዝልግልግ ያለ ለሃጭ ይጥላል። እትዬ ቁልፍ ለሃጭ የእብደት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች። ሐኪሙ ገጠር ወጥቷል፤ የሚመለሰው በማግሥቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ወለል ስታጥብ አንድ ነገር ብቻ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ሰውየው ሲመጣ «አሁን በልቶ ነው የተኛው» ብትለው ማን ያውቅባታል? አንድ ሌሊት እንኳ በሰላም ይተኛል። ደግሞ ነገ ሌላ ነገር ቢመጣ፣ ከዚያ በኋላ የምትነግረውን ማን ያምናል?

አሥር ሰዓት ሲሆን አጥሩ ጋ ጠበቀችው። «ዛሬ አልበላም። ለሃጩም ይዘንባል። ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ሐኪሙ ነገ ነው የሚመጣው። አንተ መርፌህን እንዳትዘል።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ለምን ነገርሽኝ?» አለ፤ እስከዚያች ሰዓት አንድም ቀን «አንቺ» ብሏት አያውቅም። ደብተሩን ሳያወጣ ተመልሶ ሄደ።

በማግሥቱ ሐኪሙ ገና በር ላይ ሳለ ያዘችው። ወፍራም ጓንቱን አጥልቆ ውሻውን በመያዣው እንጨት አጣብቆ አፉን ከፈተ። ብዙ ቆየ። ከዚያ በመቆንጠጫ አንድ ነገር ስቦ አወጣና መዳፉ ላይ አሳያት። ከወዲህ ወዲያ ላንቃው ላይ ተሰንቅሮ የነበረ የአጥንት ስንጣሪ ነው።

«በሽታ አይደለም?»

«ይሄ አጥንት ነው። አሥሩ ቀን ግን ይሙላ።»

ወደ ማዶ የውሃ መሥሪያ ቤት ደወለች። «ከየት ነው?» አሏት። «ከወዲህ ማቆያ» ስትል፣ «የማቆያ ጉዳይ እኛን አይመለከትም» ብለው ጆሮዋ ላይ ዘጉት። ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ቁልፉን ለሐኪሙ ሰጥታ ድልድዩን በእግሯ ተሻገረች። ቆጣሪ አንባቢውን በየመንገዱ እየጠየቀች ሄዳ፣ አንድ ግቢ በር ሥር በጉልበቱ ተንበርክኮ የቆጣሪ መስታወት ሲጠርግ አገኘችው። ቁና ቁና እየተነፈሰች ስንጣሪውን ከመሐረቧ ፈታ አሳየችውና «አፉ ውስጥ የተሰነቀረ አጥንት ነው፤ በሽታ አይደለም» አለችው። ሰውየው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የቤቱ ባለቤት ወጥታ «ምን ተፈጠረ? ቆጣሪው ፈነዳ እንዴ?» አለች።

አሥረኛው ቀን ሲሞላ ውሻው አንድ ሳህን ሙሉ በልቶ አጥሩ ላይ ተንጠራራ። ቆጣሪ አንባቢው ሚስቱን ይዞ መጥቶ ነበር። ሕፃኗን አቅፎ፣ ከአጥሩ ራቅ ብሎ ውሻውን አየው። «ትወስደዋለህ?» ብትለው፣ «ኧረ እትዬ! ይቅር ብዬዋለሁ፤ ቤቴ ግን አላስገባውም» አላት። ሁለቱም ሳቁ።

ወሩ ከመውጣቱ በፊት የሁለቱ ከተሞች ምክር ቤቶች በውሻው ጉዳይ በአንድ አዳራሽ ተሰበሰቡ። እትዬ ቁልፍ ለምን ትእዛዝ እንደጣሰች እንድታስረዳ ተጠርታ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። የድልድዩ ልኬት ሁለት ጊዜ ተነበበ። ከዚያ ቆጣሪ አንባቢው እጁን አወጣ።

«እኔ የማዶ ሰው ነኝ። የነከሰኝ ውሻ የማን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ማን አስሮ እንዳቆየልኝ ግን አውቃለሁ። እናንተ ድልድይ ስትለኩ እኔ ቀን እየቆጠርኩ ነበር» ብሎ ተቀመጠ።

ክርክሩ እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ያም ሆኖ ሲወጡ አንዲት ገጽ ተፈርማ ነበር። ማቆያው የሁለቱንም ወገን እንስሳት ይቀበላል፤ ማዶ አንድ ሠራተኛ ይመድባል፤ ሐኪም በየተራ ይልካል። ስምምነቱ ለስድስት ወር ነው፤ ከዚያ ይታያል ተባለ። ወዲህ ውስጥ ማቆያው የየትኛው ክፍል እንደሆነ ግን አሁንም ይከራከራሉ። ውሻው ተከትቦ እዚያው ቀረ፤ ጠያቂ አልመጣለትም።

የእትዬ ቁልፍ ማስጠንቀቂያም አልቀረም። ኃላፊው ራሱ አመጣው። «ፋይል ውስጥ መግባት ስላለበት ነው» አለ፤ ዓይኗን ማየት ከብዶት። ፈረመችለት። አልተቀየመችውም፤ እሱም በበኩሉ ከበላይ የሚመጣውን የሚሸከም ሰው ነው።

ማታ ራት ሊቀርብ ሲል ልጇ ወረቀቱን አነበበችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እማዬ፣ እውነት ንገሪኝ፤ ውሻው ታሞ ቢሆን ኖሮስ?» አለቻት።

እትዬ ቁልፍ ያን ሰባተኛ ቀን ሌሊት ራሷንም ስትጠይቅ ያደረችው ይሄንኑ ነበር።

«ታሞ ቢሆንም በሩን መክፈቴ ልክ ነበር። ያኔ ግን ‹ልክ ነሽ› የሚለኝ አንድ ሰው አላገኝም ነበር።»

ልጇ ማስጠንቀቂያውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ሳህኖቹን ደረደረች።