ያልተደበደበው ፍራሽ

ዱላ ፍራሽ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ደፍ፣ ደፍ የሚል ድምፅ ከጎረቤት ግቢ በመጣ ቁጥር፣ የታናሽ ወንድሜ የታደሰ ደረት ሲያፏጭ አብሮ ይሰማኛል።

ያደግነው እዚሁ ለቡ ነው፤ ያኔ ከቤታችን ጀርባ የጤፍ ማሳ ነበር። ክረምት ሲገባ እናታችን ብርድ እንዳይመታን ብላ መስኮቱን በጨርቅ ጠቅጥቃ ትዘጋው ስለነበር፣ ሁለታችን የምንተኛበት የጥጥ ፍራሽ እርጥበት ጠጥቶ፣ ከብዶ፣ ሻጋታ ሻጋታ እየሸተተ ይከርም ነበር። ታደሰ አስም ነበረበት። ሐኪሙ በዓይን የማይታይ ተባይ ፍራሽ ውስጥ እንደሚራባ፣ ርጋፊውም አቧራ ሆኖ ትንፋሹን እንደሚዘጋው ለእናቴ ነግሯት ነበርና፣ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ፍራሹን በየቅዳሜው አስጥቶ መደብደብ የእኔ ሥራ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ እንደወጣች ጓደኞቼ የመዝለያ ገመድ ይዘው መጡ። ፍራሹን ገልብጬ፣ የታጠበ አንሶላ አልብሼው ወጣሁ።

«ደበደብሽው?» አለችኝ ስትመለስ።

«አቧራው ዓይኔን አጠፋው እኮ!»

በማግስቱ ጠዋት ታደሰ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ በአባቴ ጀርባ ታዝሎ ሐኪም ቤት ሄደ፤ ሳምንት ተኛ። እናቴ ቅዳሜ ዕለት ቤቱ ይናፈስ ብላ መስኮቱን ከፍታ ነበርና «ልጄን ብርድ ያስመታሁት እኔ ነኝ» እያለች ስታለቅስ፣ ዝም አልኩ። እስከሞተችበት ቀን ዝም አልኩ።

ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ሲያርፍ፣ ለለቀስተኛ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ታደሰ ከጎኔ ተቀምጦ ሰነበተ። ደረቱ ማፏጨት ሲጀምር ውጣ ብለው እንቢ አለኝ፤ ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገርኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት።

«እትዬ፣ በመስኮት ሳይሽ ነበር እኮ። ደግሞ ገመዱ በየደቂቃው ሲጠልፍሽ!»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ትገረፊያለሽ ብዬ ነዋ።»

አሁን መስከረም ነው። ታደሰ በየቅዳሜው ከጀሞ ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። የባለቤቴ ፍራሽ እሱ በተኛበት በኩል እንደጎደጎደ አለ፤ አንሶላውንም አልቀየርኩትም፤ ብደበድበው የሚበነው እሱ ይመስለኛል። ያኔ ከወንድሜ ትንፋሽ የገመድ ዝላይ በልጦብኝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ኀዘኔ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ፍራሹን ጎትቼ ፀሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ዱላው እጄ ላይ ነው፤ እጄ ግን አልነሳ ብሎኛል። ታደሰ ታክሲ ይዣለሁ ብሎ ደውሏል።