በአቶ ሙላት አጥር የሚያልፍ መንገድ

ፍሥሐ የተማረው ኮምፒውተር እንጂ የሰው ሆድ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ተምሮ ቁይ ከተማ ሲቀጠር ሥራው ከሽቦና ከሳጥን ጋር ብቻ መስሎት ነበር፤ ምስኪን!

ቁይ ላይ አንድ አጥር የሚለያቸው ሁለት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። የአንዱ ኃላፊ የፍሥሐ አለቃ አቶ ገዳሙ ናቸው፤ የሌላው አቶ ሙላት። ሁለቱን ቢሮዎች በኔትወርክ አገናኝ ተባለና ሽቦውን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ዘረጋ። የቀረው በየቢሮው ላለችው ጌትዌይ፣ መልእክት ለሚወጣባትና ለሚገባባት ሳጥን፣ ቋሚ መንገድ መጻፍ ነው፤ «ወደ እነዚያ ቤት የሚሄደውን በዚህ በኩል ስደጂ» ብሎ መንገር። የአለቃውን ሳጥን ነገራት። የአቶ ሙላትን ሊነግር ሲሄድ ክፍሉ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው አቶ ሙላት ኪስ ውስጥ ነው።

ፍሥሐ ደግሞ ጊዜ የለውም። ሠርጉ የቅበላ እሑድ ነው፤ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ያ እሑድ ካመለጠው ደምበጫ ያለችው እጮኛው ሕሊና ጠላዋን ደፍታ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ መጠበቋ ነው፤ አባቷ ግን የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። አቶ ገዳሙም ፈቃድ ቢለምናቸው ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ፣ «ከዚያ ቤት መልእክት መጥቶ በዓይኔ ሳላይ ፈቃድ የሚባል የለም» ብለውታል።

«ጌታዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ፤ ብዙም አልቆይ» አላቸው አቶ ሙላትን።

«ምን ልትሠራ?»

«የእኛ መልእክት እዚህ ይደርሳል፤ መልሱ ግን መመለሻውን አያውቅም። እሱን ላሳየው ነው።»

«እናቴን ስቀብር ገዳሙ ይቺን አጥር ተሻግሮ ለቅሶ አልደረሰኝም። እሱ ያልተሻገረውን መልእክቱ ሊሻገረው? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ እኔ ግን ሞኝ አይደለሁም!»

ፍሥሐ ተመልሶ ሳጥኗን ደጋግሞ ጠየቃት። መልእክቱ ይሄዳል፣ መልስ የለም። የለቅሶ ቂም የሚፈታ ትእዛዝ ደግሞ ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ማንኛውም የጎጃም ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ሽማግሌ ላከ።

መምሬ ገብረ ኪዳን ሁለት አዛውንት አስከትለው አቶ ገዳሙ ቢሮ ገቡ። ተቀመጡ ቢባሉ፣ «እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉ። አቶ ገዳሙ ያኔ ስብሰባ ላይ እንደነበሩ ማስረዳት ጀመሩ።

«ሞት ስብሰባ አያውቅም» አሏቸው መምሬ። «ለቅሶ ግን ቢዘገይም ይደረሳል። ይነሡ።»

በጠራራ ፀሐይ አቶ ገዳሙ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሠራተኛው ከኋላ ተከትሏቸው፣ አጥሩን ዞረው «ወይኔ እናቴ!» እያሉ አቶ ሙላት ቢሮ ደረሱ። አቶ ሙላትም የያዙትን ማኅተም ጥለው አነቡ። ማኅተም ሊያስመታ የመጣው ባለጉዳይ ሁሉ ማን እንደሞተ ሳያውቅ አብሮ አለቀሰ። ፍሥሐም አለቀሰ፤ እሱ ያለቀሰው ግን ለሠርጉ ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ ቁልፉ ከኪስ ወጣ። ፍሥሐ የመመለሻውን መንገድ ጻፈና ጠየቀ፤ መልስ መጣ! እልል ሊል ሲል ለቅሶ ላይ መሆኑ ትዝ አለው።

«አሁን ለአቶ ገዳሙ አንድ መልእክት ይላኩልኝ» አላቸው አቶ ሙላትን።

«ዛሬ ታርቀን ዛሬ በሽቦ? ነውር አይደለም እንዴ! በእግሬ እሄዳለሁ እንጂ።»

ሄዱም። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አለቆች ቢሮ ለቢሮ ሲመላለሱ ሰነበቱ። ሲጣሉ መንገድ ጠፍቶ ነበር፤ ሲታረቁ መንገደኛ ጠፋ።

ዓርብ ሆነ። ፍሥሐ ጨነቀውና ከአቶ ሙላት ኮምፒውተር ለአለቃው ራሱ ሊጽፍ ተቀመጠ። የሚጽፈው ቢጠፋው በልቡ ያለውን ጻፈ፤ «ሠርጌ ደርሷል፤ ይገኙልኝ።» ላከውና አጥሩን ዞሮ እየሮጠ ገባ። መልእክቱ ደርሷል። አቶ ገዳሙ እያነበቡት ነው፤ ፊታቸው ግን ጠቁሯል።

«እኔን ለሠርግ በሽቦ ትጠራኛለህ? እግር የለህም?»

«ለሙከራ ነው» ሊል አሰበና ተወው። አባቱ አገሩን በእግራቸው ዞረው በየደጁ «ልጄን ልድር ነውና» ሲሉ ሰንብተዋል። እሱ ለገዛ ሠርጉ አንድ ሰው እንኳ አልጠራም። አፈረ። ወጣና በሩን ዘጋ፤ አንኳኩቶ ገባና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ሠርጌ ላይ ተገኝተው እንዲመርቁኝ ልለምን ነው የመጣሁ።»

አቶ ገዳሙ ብድግ ብለው ግንባሩን ሳሙት። ፈቃዱንም እዚያው ፈረሙለት።

«ለመሆኑ ሠርጉ መቼ ነው?»

«እሑድ ነው፣ ጌታዬ።»

«የዚህ እሑድ? ዛሬ እኮ ዓርብ ነው!» ብለው ጮኹበት። «ሙሽራ ሆነህ እስካሁን እዚህ ምን ትሠራለህ?»