አሥራ አራት የክብሪት ሳጥኖች

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ነበረኝና ስመለስ የሳክሰንሃውሰን ሰፈርን የጓሮ መንገዶች አቋርጬ መጣሁ። ጃንዋሪ ከገባ ጥቂት ቀኑ ነው። ጀርመኖቹ የገና ዛፋቸውን አውጥተው በየደጃቸው ጥለዋል፤ አንዳንዱ በጎኑ ተኝቷል፣ አንዳንዱ እንደ ሰካራም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከመካከላቸው አንዱ ላይ፣ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ ባለቤቶቹ የረሱት የገለባ ኮከብ ተንጠልጥሎ አየሁ። ቆምኩ። ጉልበቴን ላሳርፍ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጉልበቴ ግን ምንም አላለኝም ነበር።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ሳለ፣ በከተማው ዳር፣ ዚንድሊንገን ውስጥ፣ ሃይም በሚሉት በአንድ የስደተኞች መኖሪያ እኖር ነበር። ከኬሚካል ፋብሪካዎቹ ብዙ አንርቅም፤ ነፋሱ ወደኛ ሲዞር መስኮት እንዘጋለን። ክፍሉን የምጋራው ከጥሩነሽና ከስምንት ዓመት ልጇ ከሶስና ጋር ነው። ጥሩነሽ ጴንጤ ናት፤ እሑድ እሑድ በኪራይ አዳራሽ ትዘምራለች፣ በሥራ ቀን ቢሮ ታጸዳለች። እኔ ሳክሰንሃውሰን ከሚገኙት የፖም ወይን ቤቶች በአንዱ ጓዳ ድንች እልጣለሁ፣ ድስት እፈገፍጋለሁ። በተረፈኝ ሰዓት ገጣሚ ነበርኩ። ያስተማረኝ የለም፤ ያነበበኝም የለም። አስተናጋጆቹ ትእዛዝ ጽፈው የሚጥሉትን ቁራጭ ወረቀት እየለቀምኩ በጀርባው እጽፍ ነበር። ከፊት «ሁለት ቋሊማ፣ አንድ ጎመን» ይላል፤ ከኋላ ስለ ሞትና ስለ ፍቅር።

በሃይሙ በየዓመቱ ዲሴምበር ሃያ አራት ከሰዓት በኋላ ለልጆች ስጦታ ይታደላል። ልጆቹ ቁጥር ይዘው ይሰለፋሉ፣ ጥቅል ይቀበላሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ያመሰግናሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሶስናም ተሰልፋ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች አሻንጉሊት ደረሳት። ወደደቻት። ከበዓሉ በኋላ ትምህርት ሲከፈት አስተማሪዋ ልጆቹን ምን እንዳገኙ አንድ በአንድ ትጠይቃለችና አሻንጉሊቷን ይዛ ሄደች። አንዲት የክፍሏ ልጅ ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣች፤ የአሻንጉሊቷን እግር ገለበጠችና ከውስጥ እግሯ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የራሷን ስም ለሁሉም አሳየች።

«ይቺ እኮ የኔ አሮጌ ናት፤ እናቴ ለድሆች የሰጠቻት» አለች።

ሶስና ይህን ስትነግረን አላለቀሰችም። አሻንጉሊቷን አልጋ ሥር ከተተቻት፤ ከዚያ ወዲያም አልነካቻትም።

የሰጪዎቹን ደግነት አልክድም። ሲሰጡ ግን የተቀባዩን ፊት አስበው አያውቁም፤ ፊቱን የሚፈልጉት ለፎቶው ነው። ይህን ያልኩት ያኔ ነው፤ ዛሬም አልመለስም።

በሚቀጥለው ዓመት ኖቬምበር ሲያልቅ ጥሩነሽ ወለሉን እየጠረገች «ዘንድሮ አንሰለፍም» አለች። «እጅ የለንም? እንሠራለን።»

በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠረጴዛችን ፋብሪካ ሆነ። ጥሩነሽ ዱቄት በውሃ አማስላ ሙጫ ሠራች። የቡና ከረጢት ገልብጠን የውስጡን ብርማ ወረቀት ቆረጥን። ከምግብ ቤቱ ያመጣሁትን ነጭ የወረቀት መሐረብ በቀይ ሥር ውሃ ነክረን አወጣነው፤ ቀይ ይሆናል ስንል እንደ ድድ ሐምራዊ ሆነ፤ ይሁን አልን። የብርቱካን ልጣጭ በኮከብ ቅርጽ ቆርጠን ማሞቂያው ላይ ደረደርን። ክፍሉ ብርቱካን ብርቱካን ሲሸት ለመጀመሪያ ጊዜ ፋብሪካውን ረሳነው።

ገለባውን የሚያመጡልን አቦይ ሳልሕ ነበሩ። አቦይ ሳልሕ ያሥመራ ሰው ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭኑና የሚያራግፉ። የወይን ጠርሙስ ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ገለባ በከረጢት ሞልተው ይመጡና ውሃ ነክረው ያለሰልሱታል፤ ከዚያ በዚያ ወፍራም ጣታቸው ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ያስሩታል።

«አቦይ፣ አንቱ እስላም ሆነው የገና ኮከብ ይሠራሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን ለነገር።

«ኢሳ የኛም ነቢይ ነው። ገለባው ደግሞ ሃይማኖት የለውም። ያንን ክር አቀብዪኝና ምላስሽን አሳርፊው።»

ጥሩነሽ ዋናውን ስጦታ ከሶስና ደብቃ ትሰፋ ነበር፦ ከቡናማ ካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት፣ ከራሷ ነጠላ ጥለት የተቆረጠ ቀሚስ ያላት። ቀኑን ዲሴምበር ሃያ አምስት ጠዋት ብለን ቆርጠናል። ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ቀዩን ቀለም የቀባው ሃያ አምስትን ነው። ያለፈው ዓመት ዕደላ ሃያ አራት ላይ መዋሉን አልረሳንም፤ ግን ለድሃ ቀድሞ ይታደላል፣ ባለቤቶቹ በማግሥቱ ያከብራሉ ብለን ገምተን ነበር። እዚህ አገር ሁሉም ስጦታውን የሚሰጣጠው በዋዜማው መሆኑን የሚነግረን ሰው አልነበረም። ማንን እንጠይቅ? ኩራተኛ ሰው አይጠይቅም።

ሃያ አራት ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ጩኸት በጩኸት ሆነ። የሃይሙ ልጆች ጥቅላቸውን እየቀደዱ ይሮጣሉ። ሶስና በራችን ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና ዘወር አለች።

«የኔስ?»

«ነገ ጠዋት ነው፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት እናቷ።

«ኔ! ሆይተ!» አይደለም፣ ዛሬ ነው ማለቷ ነው። «ሁሉም ሰው ዛሬ ነው! የክፍሌ ልጆች በሙሉ ዛሬ ነው!» አለችና አልጋው ላይ ያየችውን የጨርቅ ከረጢት ሳንደርስባት ጎተተችው። የካልሲዋ አሻንጉሊት ወጣች። ራስ አልነበራትም። ራሷ ከከረጢቱ ሥር ብቻዋን ተንከባልላ ወደቀች፤ ዓይንም ፀጉርም የላትም።

አምና ያልፈሰሰው እንባ ሁሉ ያን ጊዜ ወረደ። ጥሩነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ገባኝ፤ እምቢ ያልነው እኛ ነን፣ የከፈለችው ግን ሶስና ናት። ልባችን ሞልቶ አንሰለፍም ስንል የሷን ቀን አላሰላንም ነበር።

በዚያ ዕድሜዬ የሚያናድደኝ ነገር ሲገጥመኝ አፌ ከሐሳቤ ይቀድማል። ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ሶሲ፣ ያንቺ በዓል መች ዛሬ ሆነና?» አልኳት። «የኛ ሰው ገናን የሚያከብረው ከአሥራ አራት ቀን በኋላ ነው። አሻንጉሊቷ ያላለቀችው ጊዜዋ ስላልደረሰ ነው። እነሱ ናቸው የቸኮሉት።»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ትምያለሽ?»

«መሐላ የለም!» አለች ጥሩነሽ ፊቷን ሳታዞር። «አዎ በያት፣ በቃ።»

«አዎ» አልኳት።

ከተናገርኩ በኋላ መላ ፈለግሁ። የጀርመን ልጆች ዲሴምበር በገባ ቁጥር በየቀኑ አንድ መስኮት የሚከፍቱበት ካላንደር አላቸው፤ ሶስና በሱቅ መስታወት እያየች ስታልፍ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። የነሱ ካላንደር በዚያን ዕለት አልቋል። እኔ ደግሞ ለጌጥ ልናንጠለጥላቸው ከምግብ ቤቱ የሰበሰብኳቸው ባዶ የክብሪት ሳጥኖች ነበሩኝ። አሥራ አራቱን መርጬ በዚያ በድድማ ወረቀት ለበጥኳቸው፣ በክር ሰካኋቸው፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ዘረጋኋቸው። የመጀመሪያውን በማግሥቱ ጠዋት ከፈተች።

በየሳጥኑ አንድ ነገርና ከትእዛዝ ወረቀት የተቆረጠ አንድ የግጥም ስንኝ ነበረ። አንድ ቀን ቆሎ፣ አንድ ቀን አቦይ ሳልሕ ከገለባ የሠሯት የጣት ጥፍር የምታክል ወንበር። በአምስተኛው ቀን ሁለት ቁልፎች፤ የአሻንጉሊቷ ዓይኖች ናቸው፣ ሶስና ራሷ ሰፋቻቸው። በስምንተኛው ጥቁር የሹራብ ክር ለፀጉሯ። ስንኙን እናቷ ታነብላታለች፤

የገና ቤት ሩቅ ነው፣ በእግሩ ነው የሚመጣ፤
ባቡር አይሳፈርም፣ ለሰልፍም አይወጣ።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ጽፌአለሁ። አንባቢዬ ጠዋት ከአልጋዋ ዘላ የጠበቀችኝ ግን ያኔ ብቻ ነው።

ለገና አንድ ቀን ሲቀረው ከሥራ ስወጣ አቦይ ሳልሕ ምግብ ቤቱ ደጅ ይጠብቁኝ ነበር። መንገዱ ግራና ቀኝ የተጣለ ዛፍ ነው። ከሁሉ ቀጥ ያለውን መርጠን እሳቸው ከግንዱ፣ እኔ ከጫፉ ይዘን በመንገዱ መሐል የሚሄደው የከተማ ባቡር፣ ሽትራሰንባኑ ላይ ወጣን። በየፌርማታው መርፌ መርፌ ቅጠሉ እየረገፈ ወለሉን አለበሰው። ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አዩንና፦

«ገና እኮ አለፈ» አሉ።

አቦይ ሳልሕ ቆባቸውን በትሕትና አነሡ። «ለእርስዎ አልፏል፣ እመቤቴ። ለኛ ነገ ነው።»

ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ ሳቄን አፍኜ «ለኛ? አቦይ!» አልኳቸው በአማርኛ።

«ዝም በዪና ጫፉን ቀና አድርጊው፤ ጢሜን ወጋኝ።»

በገና ጠዋት ዛፉ በጎመን ባልዲ ውስጥ ቆሞ፣ በገለባ ኮከብና በብርቱካን ልጣጭ ተሸልሞ፣ ሶስና የመጨረሻውን ሳጥን ከፈተች። ውስጡ ቀይ ክር የተሰካበት መርፌ ነበር። ወረቀቱን ለእናቷ ልትሰጥ ስትል ዓይኗ አንድ ቃል ላይ ቆመ፤ ከአማርኛ ፊደል የምታውቀው የስሟን ሦስት ሆሄያት ብቻ ነው። «ስሜ!» አለች። የቀረውን ጥሩነሽ አነበበችላት፤

ተራራ አቋረጠ፣ በረዶ ለበሰ፤
ሶስና ክፈቺ፣ ያንቺ ቀን ደረሰ።

ከዚያ እናቷ እጇን በእጇ ይዛ፣ በቀዩ ክር፣ በአሻንጉሊቷ ውስጥ እግር ላይ የሶስናን ስም አብረው ሰፉ።

በማግሥቱ ትምህርት ተከፈተ። ጥሩነሽ ሥራ ስለነበረባት ሶስናን አሻንጉሊቷን እንዳቀፈች ያደረስኳት እኔ ነኝ። ክፍሉ በር ላይ ኮቷን ሳወልቅላት ያቺ የአምናዋ ልጅ መጣች። የአሻንጉሊቷን እግር ገለበጠች። ልጅቱ ቀዩን ስፌት አየችው፣ ጠጋ ብላ እንደገና አየችው፤ ማንበብ አልቻለችም።

«ምን ይላል?»

«ሶስና ይላል» አለች ሶስና በጀርመንኛ። «ትናንት ነው ያገኘኋት። የናንተ ገና አልቋል፤ የኛ ትናንት ነበር።»

ከዚያ አሻንጉሊቷን ከልጅቱ እጅ ወስዳ ገባች። ደህና ሁኚ እንኳ አላለችኝም። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ብቻዬን ስስቅ ሄድኩ።

ሶስና ዛሬ የልጆች እናት ናት። አሻንጉሊቷ መደርደሪያዋ ላይ ተቀምጣለች፤ አንዱ ዓይኗ ከሌላው ዝቅ ብሎ የተሰፋ ስለሆነ ሰውን የምትታዘብ ትመስላለች። አቦይ ሳልሕ ካረፉ ቆዩ። እኔ የምናደድበት ነገር አላነሰኝም፤ ግን ከዚያ ዓመት ወዲህ እምቢ ከማለቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ለእምቢታዬ የሚከፍለው ማነው? መልሱ ሌላ ሰው ከሆነ እጄ ሥራ መጀመር አለበት።

ባለፈው ሳምንት እዚያ ደጅ ላይ ጎንበስ ብዬ ዛፉን ከነኮከቡ ከግንዱ ያዝኩት። ድሮ ከተሸከምነው ይቀላል፤ ወይም እኔ ነኝ የለመድኩት። አንድ ወጣት ከበሩ ብቅ አለና በአክብሮት «ይቅርታ፣ የተጣለ እኮ ነው። ገና አልፏል» አለኝ።

«ለእርስዎ» አልኩትና ዛፉን ጎተትኩት።